«ሌክ» ስለተባለው የሰሜን እንግሊዝ ግሥ ትርጓሜና ምንጭ

«ሌክ» በሰሜን እንግሊዝ አገር፣ ይልቁንም በዮርክሽር፣ በሕዝብ አንደበት የሚነገር ጥንታዊ ግሥ ነው። ተቀዳሚ ትርጉሙ «ተጫወተ» ማለት ነው። በጽሑፉ እንግሊዝኛ ለዚሁ ነገር የሚሠራበት ሌላ ግሥ ስለ ሆነ፣ ይህኛው ከአገሩ ወሰን እምብዛም አልወጣም።

ስለ ምንጩ ሁለት ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። የፊተኛው ቃሉን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ላካን» ያወርደዋል። «ላካን» ዘለለ፣ ተጫወተ፣ ተዋጋ ማለት ነበርና በትርጉም በኩል ግምቱ አይነቀፍም። ነገር ግን የመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ቃሉን በብዛት በድርብ አናባቢ ይጽፉታል፤ እንዲህ ያለው ድርብ አናባቢ ከ«ላካን» ረጅም «ኣ» አይወጣም፤ በጥንታዊው ኖርስ «ሌይካ» ውስጥ ግን ይገኛል። ስለዚህ ቃሉ የስካንዲናቪያ ነው የሚለው ሁለተኛው ሐሳብ ይበልጣል። ሁለቱ ግሦች ግን የአንድ ጀርመናዊ ሥር ልጆች ናቸው፤ የጎትኛው «ላይካን» (ዘለለ)፣ የስዊድንኛውም «ሌካ» (ተጫወተ) እኅቶቻቸው ናቸው።

የታሪኩም ምስክርነት ከዚህ ጋር ይስማማል። በ865 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) ታላቁ የዴኖች ጦር እንግሊዝ አገር ገባ፤ በ866 ዮርክን ያዘ፤ በ876 የኖርተምብሪያን መሬት ተካፍሎ ማረስ ጀመረ። ጦረኛ የሕግና የግብር ቃል ትቶ ቢያልፍ አያስደንቅም፤ የልጆች ጨዋታ ስም የሚወረሰው ግን ጎረቤት ሆኖ ከኖረ ሰው ነው።

በሱፍ ፋብሪካና በከሰል ማዕድን ዘመን ግሡ ሌላ ትርጉም አገኘ፤ ይኸውም «ከሥራ ውጭ ሆነ» ማለት ነው። ምክንያቱ በዓል ወይም የሥራ ማቆም አድማ ወይም የሥራ መታጣት ቢሆን ቃሉ ያው አንዱ ነው። ስለዚህ «አባቴ ሌክ ላይ ነው» የሚል ልጅ የአባቱን ደስታ ሳይሆን የቤቱን ደመወዝ መቋረጥ ይናገር ይሆናል፤ ቃሉን በፊተኛው ትርጉም ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ግን ችግረኛውን ሰው ሥራ ፈት ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ይህን ኑሮ በውስጡ ሆኖ ያወቀው ጆሴፍ ራይት (1855–1930) ነው። በብራድፎርድ አጠገብ ተወልዶ ገና በ6 ዓመቱ ሥራ ገባ፤ በሱፍ ፋብሪካም ሠራ፤ ማንበብ የተማረው ወደ 15 ዓመት ሲጠጋ ነበር። ኋላ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ከ1898 እስከ 1905 በ6 ቅጽ ያሳተመው የእንግሊዝኛ ዘዬዎች መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ትርጉሞች ይዟል። ከ1950 እስከ 1961 ከሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተመራውና 313 ቦታዎችን ያዳረሰው የዘዬ ጥናትም ግሡን በሰሜን ሕያው ሆኖ አግኝቶታል።

በአማርኛም «ተጫወተ» ለልጅ ሩጫና ዝላይ፣ ለሽማግሌ ወግ ነው፤ የጨዋታ ቃል በየአገሩ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ይሰፋል። እንግዲህ የዘዬ ቃል ሰብሳቢ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሚናገረውም ሊመዘግብ ይገባዋል።