የሂሳብ ሠራተኛዋ «አይሆንም» ስትል

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አብዝተሽ የተጣላሽው ከማን ጋር ነው ብትሉኝ፣ ከታማሚም ከሐኪምም ጋር አይደለም፤ ከሂሳብ ክፍል ጋር ነው። ዛሬ ያን ጠብ ሳስታውስ አፍራለሁ። ልጃችሁ አካውንቲንግ ተምራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ልትቀጠር ከሆነ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ በአንድ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ አስተባባሪ ነበርኩ። የከታቢዎችንና የመንገድ መሪዎችን ውሎ አበል በስሜ ወጪ አድርጌ ወሰድኩ። ዘመቻው አልቆ ሂሳቡን ላወራርድ ስቀርብ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋ የመክፈያ ቅጹን አገላብጣ «ሲስተር፣ የሁለት ሰው ፊርማ ይጎድላል» አለችኝ። ሁለቱ መንገድ መሪዎች ናቸው። ገንዘቡን በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፤ መሽቶብን ስለነበር ግን ሳላስፈርም ተለያየን።

«ሌባ አደረግሽኝ?» ብዬ ጮህኩባት።

«እኔስ አምንዎታለሁ። ኦዲተሩ ግን አያውቅዎትም» አለች ረጋ ብላ።

የግማሽ ቀን መንገድ በእግሬ ተመልሼ አንዱን አስፈረምኩ፤ ሌላው መጻፍ ስለማይችል የጣት አሻራውን ወሰድኩ። መንገዱን ሁሉ እሷን ስረግም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተሮች መጡ። ለካ ያ አሻራውን የሰጠኝ ሰውዬ «አበሌ አልደረሰኝም» ብሎ አመልክቷል። ሂሳብ ሠራተኛዋ ከመደርደሪያው ፋይሉን አውርዳ ቅጹን ዘረጋችው። አሻራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያ ወረቀት ባይኖር ገንዘቡ ከደመወዜ መቆረጡ ቀላሉ ነበር፤ ስሜን ግን ማን ይመልስልኝ ነበር?

ብዙ ሰው የሂሳብ ሠራተኛ ሥራ ገንዘብ መቁጠር ይመስለዋል። ጥሬ ገንዘቡን የሚይዘው ገንዘብ ያዥ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ሰነድ ያጣራል፤ ወጪውን በበጀት ኮዱ ይመዘግባል፤ መዝገቡን በየወሩ ከባንክ መግለጫ ጋር ያስታርቃል፤ ደመወዝ ይሠራል። ከሲቪል ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። እነዚያ ሰዎች በየወሩ በትክክል ባይሠሩልኝ ኖሮ ጡረታዬን ለማስከበር ዛሬም ቢሮ ለቢሮ እንከራተት ነበር።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ። ደረጃ 4 ጨርሳ፣ የብቃት ምዘናውን አልፋ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። ባለፈው ሰኔ አንድ ማታ ደወለችልኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ስለሚሆን፣ በዚያ ሰሞን ሁሉም «ቶሎ ክፈሉ» ባይ ነው።

«አክስቴ፣ አለቃዬ የወንበሩን ግዥ ክፈይ፣ ዕቃው ነገ ይገባል አለኝ። ሞዴል 19 ግን አልተቆረጠም። እኔ ደግሞ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም» አለች ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። ሞዴል 19 ዕቃው ተቆጥሮ ንብረት ክፍል ለመግባቱ ማስረጃ የሚሆነው ደረሰኝ ነው።

ያቺ የድሮዋ ሂሳብ ሠራተኛ ትዝ አለችኝ። «አትጣይው፤ አትጩሂም። የጎደለውን ሰነድ ዘርዝረሽ በማስታወሻ ጻፊለት፤ ቅጂውን አንቺ ጋ አስቀሪ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አልኳት።

ጻፈች። ወንበሮቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። ሲቆጠሩ ከታዘዘው ጎድለው ተገኙ፤ ክፍያውም በገባው ልክ ብቻ ተፈጸመ። አልደብቃችሁም፣ ልጅቷ እነዚያን ሌሊቶች እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ አለቃዋም ለብዙ ጊዜ ፊቱን አጥቁሮባት ነበር። ቀድማ ከፍላ ቢሆን ግን ስለጎደሉት ወንበሮች መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ነበረች።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ አንድ ቀን ከሥራ ተጨንቃ ስትገባ «አለቃሽን አታስቀይሚ» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት።

እኔም ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ያቺን ሂሳብ ሠራተኛ አፈላልጌ ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። ለዚያ ጩኸቴ ይቅርታ ስጠይቃት ሳቀችና «ሲስተር፣ የጮሁብኝን ሁሉ ብመዘግብ ሌላ ሌጀር ያስፈልገኝ ነበር» አለችኝ።