በሆድ ላይ ስለሚለጠፍ ከረጢትና ስለ ቈዳ መቈጣት

በቀዶ ሕክምና ምክንያት ዐይነ ምድሩ በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የሚወጣ ሰው ከገላው ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ያደርጋል። ይህን ተለጣፊ ከረጢት በ1954 እ.ኤ.አ. ያሰበችው ኤሊስ ሶረንሰን የተባለች የዴንማርክ ነርስ ስትሆን፣ ያነሣሣትም የእኅቷ ችግር ነበር።

አንዱን ዓይነት ለብዙ ዓመታት በደኅና የተጠቀመ ሰው ቈዳው ቢቀላና ቢያሳክከው አይደነቅ፤ ገላ በየጊዜው የነካውን ሙጫ ውሎ አድሮ ሊጠላው ይችላልና። ቅላቱ የሙጫውን ቅርጽ የተከተለ እንደ ሆነ አለርጂ ይጠረጠራል። ቀዳዳውን ብቻ የከበበ እንደ ሆነ ግን ብዙውን ጊዜ መንሥኤው ከሥሩ የሚያፈሰው ዐይነ ምድር ነው።

ስለዚህ በናይሮቢ በኪሌሌሽዋም ሆነ በአዲስ አበባ የሚኖር ሕመምተኛ የቀዳዳውን ስፋት እንደ ገና ይለካ፤ ገላውን በውሃ አጥቦ ያድርቅ፤ ሙጫውን የሚያስለቅቅ ቅባት አይቀባ። ቍስሉን በኀፍረት ከመሸሸግ ይልቅ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳይ።