የጉኑኖው ጉድጓድና የእኛ ቤት ፍሪዘር

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን። ከሥራ ወጥተን፣ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፈን ቤት የምንደርሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ጊዜ ሽንኩርት መላጥ ተጀምሮ፣ ቁሌቱ በስሎ፣ ወጡ እስኪወርድ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ትንሿ ልጃችን ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። እራቷን ሳትበላ የተኛችባቸው ምሽቶች እየበዙ ሲመጡ መፍትሔው ዕቃ መግዛት ነው ብዬ ወሰንኩ። (ሽንኩርቱን አንተው ለምን አትልጥም ነበር? እያለች ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።)

በአንድ ዓመት ውስጥ ብሌንደር፣ የሽንኩርት መክተፊያ፣ ብዙ ሰው በአጭሩ ‹‹ፕሬዠር›› የሚለው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት፣ ሰዓት የሚሞላለት የኤሌክትሪክ ድስትና በመጨረሻም ፍሪዘር ቤታችን ገቡ። እሑድ ለሳምንቱ ሙሉ አብስሎ ማስቀመጥ፣ ማታ ማሞቅ ብቻ፤ ዕቅዱ ይህ ነበር። የትኛው ዕቃ ለምን እንደሚጠቅም በወጉ የገባኝ ግን ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ጉኑኖ ሄጄ ነው።

ጉኑኖ የአባቴ አገር ናት። የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከወላይታ ሶዶ ብዙም አትርቅም፤ በግብርና ሙያ ላይ ያሉ አንባቢዎች በአፈር ጥበቃ ምርምር ስሟን ያውቁታል። መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤተሰቤን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ለእርሳቸውም ስጦታ ይሆናል ብዬ መብራት የማይፈልገውን፣ ገመዱ እየተሳበ የሚከትፈውን የሽንኩርት መክተፊያ ይዤ ነበር። አክስቴ ተቀብለው አገላበጡት፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረጉትና ‹‹እንሰት ይፍቃል?›› አሉኝ።

እኔ ሳቅኩ። እርሳቸው ግን የምራቸውን ነበር የጠየቁት።

እንሰት የሚፈለፍልና የሚያደቅ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ያየ ይፈርዳል። ግንዱ ተቆርጦ ይገነጠላል፣ እያንዳንዱ ቅጠለ ግንድ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተደግፎ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፋቃል፣ ሥሩ ይደቅቃል። ሥራው የሴቶች ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ቅጠል ተደርቦ፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ለወራት ይብላላል፤ ሲያስፈልግም ከዓመት በላይ ይቀመጣል። እንግዳ በመጣ ቀን ጉድጓዱ ይከፈትና የሚበቃው ያህል ተጨልፎ፣ ተጨምቆ፣ ምጣድ ላይ ይወጣል። አክስቴ የዛሬን እራት ያዘጋጁት የዛሬ ስምንት ወር ነው ማለት ነው። እኔ እሑድ ለሐሙስ አበሰልኩ ብዬ ስኩራራ!

ነገሩ በሳይንስም የተብራራ ነው። ሲጠቀጠቅ አየር ይወጣል፤ አየር በሌለበት የሚራቡት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ ኮምጣጣው ነገር ደግሞ ምግብ የሚያበላሹትንና ሰው የሚያሳምሙትን አብዛኞቹን ተሕዋስያን አያሳድግም። ስለዚህ የቆጮ ጉድጓድ ምግቡን ራሱን ለውጦ ነው የሚያቆየው። ፍሪዘር ግን ምንም አይለውጥም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ተሕዋስያኑ ያንቀላፋሉ እንጂ ሁሉም አይሞቱም፤ ቅዝቃዜው ሲቀር ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ይህንን ልዩነት እዚያው ጉኑኖ ብረዳው ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ባልደረሰብን።

ከአራት ቀን በኋላ ስንመለስ ፍሪዘሩ እየሠራ ነበር፤ በውስጡም ሁሉ ነገር እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከመሄዳችን በፊት የተሠራውን የሥጋ ወጥ አሙቀን በላን። ሌሊት ትንሿ ልጃችን ማስታወክ ጀመረች፤ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተመላለስን። ጎረቤታችን ነች በኋላ የነገረችን፤ ለካ እኛ በሌለንበት መብራት ከሁለት ቀን በላይ ጠፍቶ ነበር። ወጡ ቀልጦ፣ ሞቆ፣ እንደገና በርዶ ነው የጠበቀን። ሲታይ ምንም ምልክት አልነበረውም።

በሩ ሳይከፈት ከቆየ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ለ48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሆነ ለ24 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ተራ ፍሪጅ ግን ለአራት ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ (አናቱ ላይ ትንሽ ቦታ ትቶ) ማስገባት ያዋጣል። ቤት ጥላችሁ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ሲኒ ውኃ አስደርቁና በበረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡበት። ስትመለሱ ሳንቲሙ አናቱ ላይ ካለ ደህና ነው። ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት በረዶው ቀልጦ ነበርና ሥጋውን አትሳሱለት፣ ጣሉት።

አሁን ወደ ሌሎቹ ዕቃዎች ልመለስ። ፕሬዠሩን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ አብሮት የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው ለእኛ ከፍታ አይደለም። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ አዲስ አበባ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላና ቦለቄ በተራ ድስት አልበስል እያሉ የሚያስቸግሩን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፕሬዠሩ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ባሕር ጠለል ላይ 120 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት እኛ ከተማ ላይ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። የባለሙያዎች ልማድ ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አምስት በመቶ ጊዜ መጨመር ነው። መመሪያው 20 ደቂቃ ካለ አዲስ አበባ ላይ 26 ደቂቃ አድርጉት። ጥራጥሬ ስለሚያብጥና ስለሚያረፋ ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን አትታገሉ። እንደ እኔ ከሆነ፣ ከገዛኋቸው ሁሉ ዋጋውን የመለሰው ይህ ድስት ነው።

ብሌንደር ለሽንኩርት አይሆንም። ውኃና አረፋ ያደርገዋል፣ ጣዕሙም ይመርራል፣ ቁሌቱ ውኃውን እስኪመጥ የቆጠባችሁት ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል። ለዳጣ ግን ይሞከራል፤ ምንም እንኳ አክስቴ በድንጋይ ከፈጩት ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር ለማወዳደር ባልደፍርም። ሽንኩርት ገመዱ በሚሳበው መክተፊያ ይከተፍ፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ መብራትም አይጠብቅም። ሰዓት የሚሞላለትን የኤሌክትሪክ ድስት ጠዋት ጥሬ ሥጋ ሞልቶ ማታ እንዲነሣ አድርጎ መሄድ ምግቡን ቀኑን ሙሉ በሞቀ ክፍል ማዋል ነው። እኛ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል።

በፍሪዘር የሚቀመጠውንም መምረጥ ያስፈልጋል። ለእኛ የበጀን ያለቀለት ወጥ ሳይሆን ቁሌት ነው። እሑድ አንድ ትልቅ ድስት ይሠራል፣ ለአንድ ቀን የሚበቃው በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ እንደ መጽሐፍ ጠፍጠፍ ይላል፤ ጠፍጣፋው ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይቀልጣል። በዚህ ላይ ማታ ምስር ወይም ሥጋ መጨመር ነው። ምስር ወጥና ሥጋ ወጥ በደህና ይቀመጣሉ። ድንች ያለበት ግን ሲቀልጥ ይፈረካከሳል፤ የዶሮ ወጥ እንቁላልም እንደ ጎማ ይሆናልና ወጡን ያለ እንቁላል አስቀምጡ። ሽሮን ፍሪዘር ውስጥ የሚከት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝና ምን ቸገረው? ተቆልቶ፣ ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ ያለቀ፣ በሩብ ሰዓት የሚደርስ እራት ነው።

ሌላው ስህተታችን ትልቁን ድስት እንዳለ ማሳደር ነበር። የሞላ ድስት መሐሉ እስኪበርድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ጊዜ ነው አደገኛው። ከእሳት እንደወረደ በሰፋፊና ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አብርዶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ሲሞቅም ‹‹ለብ›› ብሎ አይበቃም፤ እስኪንተከተክ ይፍላ።

አክስቴ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ፈልጌ ነበር። የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተሠርተዋል። አክስቴ ደጃፍ ግን አንዱም አልደረሰም። እኔ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሁለት ማሽን ሲኖረኝ እርሳቸው ለአንድ ዓመት ቀለብ ያላቸው ያ ቀርከሃ ነው። በስልክ ስነግራቸው ‹‹ዋጋው ስንት ነው?›› አሉ። ለአንድ ቤት ይከብዳል፣ ለጎረቤት በጋራ ቢሆን ይሻላል አልኳቸው። ‹‹እንግዲያው ለቅቤ እንደምናጠራቅመው እናጠራቅማለን፤ አንተ መሸጫውን ፈልግ›› ብለው ስልኩን ዘጉት። በእነሱ ዘንድ ሴቶቹ ለጊፋታ ቅቤ የሚያጠራቅሙት ዓመቱን ሙሉ በጋራ ነው።

እየፈለግኩ ነው። ትንሿ ልጃችንም አሁን ሁለት ሰዓት ላይ እራቷን ትበላለች፤ ፍሪዘሩን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ሳንቲሙን ነው።