ሚካኤል ይመር

ሚካኤል ይመር (ጳጉሜ 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ተወለደ) ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ስዊድናዊ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ነው። በነጠላ ጨዋታ የደረሰበት ከፍተኛ የዓለም ደረጃ 50ኛ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከስዊድን ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ነበር። ከታላቅ ወንድሙ ከኤልያስ ይመር ጋር የስቶክሆልም ኦፕንን የጥንድ ውድድር አሸንፏል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ለ18 ወራት ከውድድር አግዶታል። የእገዳው ምክንያት በሰውነቱ ውስጥ የተከለከለ ቅመም መገኘቱ ሳይሆን በ12 ወራት ውስጥ ሦስት የምርመራ ቀጠሮዎች ማምለጣቸው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

== ልጅነትና ቤተሰብ ==

ሚካኤል የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ስዊድን በምትገኘው ትንሽ ከተማ ስካራ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ሯጭ ነበሩ፤ እናቱ ሐኪም ናቸው። ኤልያስ በ1996 በዚያችው ከተማ ተወልዶ ቴኒስን ቀድሞ የጀመረ ሲሆን፣ ሚካኤል የወንድሙን ፈለግ ተከትሏል። ታናሽ ወንድማቸውም ቴኒስ ተጫዋች ነው።

«ይመር» በኢትዮጵያ፣ በተለይም በወሎ፣ የታወቀ የወንድ ስም ነው። በስዊድን ልማድ የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያገለግል ሁሉም ወንድማማቾች በእሱ ይጠራሉ። በስዊድንኛ አጻጻፍ ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ አናባቢ ስለሌለው የውጭ የስፖርት ጋዜጠኞች አብዛኛውን ጊዜ «ኢመር» ይሉታል።

ወንድማማቾቹ ያደጉበት አገር በቴኒስ ታላቅ ታሪክ ያለው ነው። ቢዮርን ቦርግ 11፣ ማትስ ቪላንደር 7፣ ስቴፋን ኤድበርግ 6 የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫዎችን ለስዊድን አስገኝተዋል። ከእነሱ በኋላ ግን የስዊድን ወንዶች ቴኒስ እየተዳከመ ስለመጣ፣ ሁለቱ የይመር ልጆች ገና በታዳጊነታቸው የብዙ ስዊድናውያንን ተስፋ ተሸክመው ነበር።

== የታዳጊነት ውድድሮች ==

በ2015 ሚካኤል በ16 ዓመቱ በዊምብልደን የታዳጊ ወንዶች ውድድር እስከ ፍጻሜ ደርሶ በአሜሪካዊው ራይሊ ኦፔልካ ተሸንፏል። በዚያው ዓመት ኤልያስ በአራቱም የግራንድ ስላም ውድድሮች የማጣሪያ ጨዋታዎችን አልፎ ወደ ዋናው ውድድር ገብቷል።

በ2016 ወንድማማቾቹ በልዩ ግብዣ በገቡበት የስቶክሆልም ኦፕን የጥንድ ፍጻሜ ማቴ ፓቪችንና ማይክል ቪነስን 6 ለ 1 እና 6 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወስደዋል። ሚካኤል በዚያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበር።

== የዓለም ደረጃ እንዴት ይሰላል? ==

የሚካኤልን ጉዞና እገዳው ያስከተለበትን ጉዳት ለመረዳት የቴኒስን የደረጃ አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ተጫዋች በየውድድሩ ባለፈው ዙር ልክ ነጥብ ያገኛል። ለምሳሌ የግራንድ ስላም አሸናፊ 2000 ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ግን ለዘለቄታው አይቆይም፤ 52 ሳምንታት ሲሞሉት ከተጫዋቹ ሂሳብ ይቀነሳል። ስለዚህ ደረጃውን ለመጠበቅ የሚፈልግ ተጫዋች አምና ያገኘውን ዘንድሮ መተካት አለበት።

ደረጃው የሚወስነው ክብርን ብቻ አይደለም። በግራንድ ስላም የነጠላ ውድድር ከሚሳተፉት 128 ተጫዋቾች መካከል 104 ያህሉ በደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ፤ 16ቱ ሦስት የማጣሪያ ጨዋታዎችን በማሸነፍ፣ 8ቱ ደግሞ በልዩ ግብዣ ይሳተፋሉ። በመሆኑም ከ100ዎቹ ውስጥ መግባት ከቴኒስ በሚገኝ ገቢ መኖር ለሚፈልግ ተጫዋች ወሳኝ መስመር ነው። ከዚያ በታች ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳደሩት «ቻሌንጀር» በሚባሉት የሁለተኛ እርከን ውድድሮች ነው።

== ከቻሌንጀር ወደ ታላላቅ መድረኮች ==

ሚካኤል ይህን መስመር ያለፈው በ2019 ነው። በዚያ ዓመት አራት የቻሌንጀር ዋንጫዎችን አንሥቷል፦ በኒው ካሌዶንያ ኑሜያ፣ በፊንላንድ ታምፔሬ፣ በፈረንሳይ ኦርሌዓንና ሙዬሮን ለካፕቲፍ። በፈረንሳይ ኦፕንም ማጣሪያውን አልፎ የመጀመሪያውን ዙር ካሸነፈ በኋላ በጀርመናዊው አሌክሳንደር ዝቬሬቭ ተሸንፏል። በዓመቱ መጨረሻ ዕድሜያቸው ከ21 ያልበለጠ ምርጥ ተጫዋቾች በሚላን ባደረጉት ውድድር ተሳትፏል።

በ2021 በአውስትራሊያ ኦፕን ፖላንዳዊውን ሁበርት ሁርካችን፣ ከዚያም በጊዜው የ17 ዓመት ልጅ የነበረውንና በኋላ የዓለም ቁጥር አንድ የሆነውን ስፔናዊውን ካርሎስ አልካራዝን አሸንፎ ሦስተኛ ዙር ደርሷል። በፈረንሳይ ኦፕን ጋኤል ሞንፊስን በሜዳው ካሸነፈ በኋላ በሦስተኛው ዙር በያኒክ ሲነር ተረትቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ዊንስተን ሳሌም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋናው የኤቲፒ ውድድር የነጠላ ፍጻሜ በቅቶ በቤላሩሱ ኢልያ ኢቫሽካ ተሸንፏል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዴቪስ ካፕ የፍጻሜ ውድድር ስዊድን ካናዳን ስታሸንፍ ሁለቱንም የነጠላ ጨዋታዎች ያሸነፉት ወንድማማቾቹ ናቸው።

== ሦስቱ ያመለጡ ምርመራዎች ==

በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩ ተጫዋቾች ውድድር በሌለበት ጊዜም ያለማስጠንቀቂያ የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ይደረግባቸዋል። መርማሪው እንዲያገኛቸው በምርመራ መዝገብ ውስጥ ያሉ ስፖርተኞች በየሦስት ወሩ የሚያድሩበትን፣ የሚለማመዱበትንና የሚወዳደሩበትን ቦታ ያስመዘግባሉ። በተጨማሪም በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በተወሰነ ቦታ የሚገኙበትን 60 ደቂቃ ይመርጣሉ። በዚያ ሰዓት በቦታው ያልተገኘ ወይም አድራሻውን በትክክል ያላስመዘገበ አንድ ጥፋት ይቆጠርበታል። በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጥፋት ከተቆጠረ የደንብ ጥሰት ይሆናል። መደበኛው ቅጣት የ2 ዓመት እገዳ ሲሆን፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 1 ዓመት ሊቀነስ ይችላል። ምዝገባውን ወኪል ወይም ሌላ ሰው ቢሠራለትም ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ነው።

በሚካኤል ላይ ሦስቱም ጥፋቶች የተቆጠሩት በ2021 በኤፕሪል፣ በኦገስትና በኖቬምበር ወራት ነው። የመጨረሻው የተመዘገበው በፈረንሳይ በሮአን ከተማ የቻሌንጀር ውድድር በነበረበት ጊዜ ነበር። በጁን 2022 ጉዳዩን ያየው ገለልተኛ ችሎት ነፃ አወጣው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ግን ውሳኔውን በመቃወም ለስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ።

== በይግባኝ ሥር ያሳለፋቸው ወራት ==

ይግባኙ ታይቶ እስኪወሰን አንድ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሚካኤል በቴኒስ ሕይወቱ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። በ2022 በዋሽንግተን የሦስት ግራንድ ስላም ባለቤት የሆነውን አንዲ መሬይን በመጀመሪያው ዙር አሰናብቶ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጓዘ፤ ያቆመው ኒክ ኪርዮስ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በወጣው ሠንጠረዥ የዓለም 50ኛ ሆነ።

ወራቱ ግን ያለ ችግር አላለፉም። በሜይ 2023 በሊዮን ከፈረንሳዊው አርቱር ፊስ ጋር ሲጫወት ዳኛው ወርዶ ኳሷ ያረፈችበትን ምልክት ባለማየቱ ተቆጥቶ ራኬቱን በዳኛው ወንበር ላይ በመምታቱ ከጨዋታው ተባሯል። በጁላይ ወር በዊምብልደን ደግሞ በሁለተኛው ዙር በጊዜው ከዓለም ምርጥ 10 ተጫዋቾች አንዱ ከነበረው ከአሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትዝ ጋር ተገናኝቶ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ 3 ለ 2 አሸንፏል። በሦስተኛው ዙር በኮሎምቢያዊው ዳንኤል ኤላሂ ጋላን ተሸነፈ።

== እገዳው ==

ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የፌዴሬሽኑን ይግባኝ ተቀብሎ ሚካኤልን ለ18 ወራት አገደው። ሚካኤል የተከለከለ ነገር ወስዶ እንደማያውቅና በመውሰድም እንዳልተከሰሰ ገልጾ ውሳኔውን ለመቀበል እንደከበደው ተናገረ። ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. 25 ዓመት ሳይሞላው ከሙያዊ ቴኒስ መሰናበቱን አስታወቀ። የእገዳው ዘመን ያበቃው ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

የ18 ወራት እገዳ በቴኒስ ከቁጥሩ በላይ ይከብዳል። ነጥብ በ52 ሳምንታት ስለሚወድቅ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የታገደ ተጫዋች ሲመለስ በሂሳቡ አንድም ነጥብ አይኖረውም። 50ኛ የነበረ ሰው ደረጃ እንደሌለው ጀማሪ ከታችኞቹ ውድድሮች ወይም ከልዩ ግብዣ ይነሣል።

== ተመሳሳይ ውሳኔዎች ==

በዚሁ ደንብ የተቀጡ ሌሎች ታዋቂ ስፖርተኞችም አሉ። የ2019 የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ክርስቲያን ኮልማን የ2 ዓመት እገዳው በግልግል ፍርድ ቤት ወደ 18 ወራት ቢቀነስለትም የቶኪዮ ኦሊምፒክ አምልጦታል። አሜሪካዊው ቴኒስ ተጫዋች ጄንሰን ብሩክስቢ በ2023 ለ18 ወራት ከታገደ በኋላ ቅጣቱ ወደ 13 ወራት ዝቅ ተደርጎለታል። በ2025 ተመልሶ ደረጃው ከ500 በታች ሳለ የሂውስተንን ውድድር አሸንፏል። በሦስቱም ስፖርተኞች ጉዳይ የቀረበው ክስ ከምርመራ ቀጠሮና ከአድራሻ ምዝገባ ጋር የተያያዘ ብቻ ነበር።

ደንቡ የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ አካል ስለሆነ በምርመራ መዝገብ የገቡ ኢትዮጵያውያን ሯጮችንም ይመለከታል። በእንጦጦ እለማመዳለሁ ብሎ ያስመዘገበ አትሌት ለአንድ ሳምንት ወደ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ቢሄድ፣ ከመነሣቱ በፊት አዲሱን አድራሻ ማስገባት ይጠበቅበታል። ይህን ሳያደርግ ቀርቶ መርማሪው በቦታው ካጣው፣ ምንም ዓይነት ቅመም ያልወሰደ ቢሆንም ከሦስቱ ጥፋቶች አንዱ ይቆጠርበታል።