ያልተለቀሰ ሐዘን፦ በወረርሽኙ ዘመን ወላጅ ያጡ የቲሞችና አሳዳጊዎቻቸው



የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻም ለ5 ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የ1441 ዓመተ ሂጅራ የረመዷን ተራዊሕም ሆነ የዒድ ሶላት በየቤቱ ተሰገደ። የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ቢያነሳም፣ በዚያ ዘመን አባት ወይም እናት በሞተባቸው ቤቶች ግን ጉዳዩ ገና አልተዘጋም።

ምክንያቱም ተዕዚያ እንባ ማፍሰሻ ብቻ አይደለም። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሐቦች የመሩት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ሲገደሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰቡ ምግብ እንዲዘጋጅ አዘዋል፤ ልጆቹንም አስጠርተው ኃላፊነታቸውን ራሳቸው እንደሚወስዱ ለእናታቸው አረጋግጠዋል። ከልጆቹ አንዱ አብደላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነበር። በእኛም ዘንድ ልጁን ማን ይወስዳል፣ ሟች ምን ዕዳ ነበረበት፣ የቤቱን ኪራይ ማን ይከፍላል የሚለው የሚነሳው በለቅሶው ምንጣፍ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ያ ምንጣፍ ሳይነጠፍ ቀረ። መርዶው በስልክ ደረሰ፤ ቀብሩ በጥቂት ሰው ተፈጸመ።

ልጆች ይህን በራሳቸው መንገድ ይተረጉሙታል። «አጎቶቼ ያልመጡት አባቴን ስለማይወዱት ነው» ብሎ የሚያምን ልጅ አለ። እውነቱ ሊነገረው ይገባል። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባት፣ ካለበትም አለመውጣት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ነው፤ ዑመር ኢብኑል ኸጧብም በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ዘመዶቹ የቀሩት ሌላ የቲም እንዳይጨመር ነበር። በአንጻሩ ትንሹን ልጅ «አባትህ መንገድ ሄዷል» ማለት ደግነት አይደለም። ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑን ገና ያልተረዳ ሕፃን በር በሩን እያየ ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ ወደ አሳዳጊዋ እንምጣ፤ እርሷ ከታመመች ልጁ ሁለተኛ ጊዜ የቲም ይሆናልና። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ቫይረሱን ፈርተው ከጤና ተቋማት ርቀው፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትላቸውን አቋርጠዋል። ሁለቱ ሕመሞች ግን በኮሮና የመጽናት አደጋን የሚጨምሩ ነበሩ፤ ካልተከታተሏቸው ደግሞ ያለ ኮሮናም ኩላሊትን፣ ልብንና ዓይንን ይጎዳሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ክትትል ያቋረጠች እናት አመታት ቢያልፉም ተመልሳ ብትመረመር አይረፍድባትም። ባሏ የሞተባት ሴት የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳዋን ስትጠብቅ ለሕክምና መውጣት የተከለከለ የሚመስላቸው አሉ፤ ዑለማእ ግን ለእንዲህ ያለው አስፈላጊ ጉዳይ መውጣትን ፈቅደዋል።

በውርስ በኩል ያለው ችግር ብዙም አይወራለትም። ሽማግሌ ሳይሰበሰብ ስለቀረ የሟች ንብረት ያልተከፈለበት፣ የሞት ማስረጃም ያልወጣበት ቤት አለ። ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ከተሰጡት ጉዳዮች መካከል ውርስና የሕፃናት ሞግዚትነት ይገኙበታል፤ ባለጉዳዮቹ መስማማት ግን አለባቸው። ለዚህ ሁሉ ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክር ደግሞ ያረጃል፣ ይሞታል።

ስለዚህ የምትረዱት የቲም ቤት ስትገቡ ከትምህርት ቤት ክፍያው ጋር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እናት መድኃኒቷን እየወሰደች ነው? የሞት ማስረጃው ወጥቷል? ልጁ የአባቱን መቃብር አይቷል? ካላየ፣ አጎቱን አስከትላችሁ አንድ ቀን ይዛችሁት ሂዱ።