ኮድ ከመላካችን በፊት ምን እንይ?



ባለፈው ሴሚስተር ሦስት ሆነን አንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ያገኘነውን ስህተት አስተካክለን ላክን። ሁለት ሳምንት የለፋንበት ሥራ ነው፤ ሲቪያችን ላይም ልናሰፍረው አስበን ነበር። አራት ወር አለፈ፣ «አይሆንም» የሚል መልስ እንኳ አልመጣም። ቆይተን ስናየው ከእኛ በፊት የላኩ ብዙ ሰዎችም እንደኛው እየጠበቁ ነው። ይህን ቀድመን ማየት እንችል ነበር። ብዙዎቻችሁ ለመመረቂያ ሥራችሁ መነሻ የሚሆን ኮድ የምትመርጡበት ሰዓት ስለሆነ የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

መጀመሪያ ያታለለን ኮከቡ ነው። ጊትሀብ ላይ ኮከብ ማለት አንድ ሰው በሆነ ቀን ወዶት ተጭኖ አለፈ ማለት ነው፤ ፕሮጀክቱ ዛሬ ስለመኖሩ አይናገርም። ስምም እንዲሁ ነው። ኦፕንኦፊስን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ አዘጋጆቹ ተለይተው ሊብሬኦፊስን ሲመሠርቱ ሥራውም አብሯቸው ሄደ። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም የሚያወጣው፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎችንም «ኢዚ ሃክስ» ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጠው ሊብሬኦፊስ ነው።

የመጨረሻው ኮሚት የገባበትን ቀን ማየት ጥሩ ነው፤ ግን ማን እንዳስገባውም እዩ። ሰው ከተወው በኋላ ቦት ብቻ ቁጥር እያደሰ በሕይወት ያለ የሚያስመስለው ፕሮጀክት አለ።

ዋናው ነገር ከውጭ የመጣ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ ነው። የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ክፈቱና ከባለቤቶቹ ውጭ የሆኑ ሰዎች የላኳቸውን አሥር ያህል አንብቡ። የመጀመሪያው መልስ በስንት ቀን መጣ? ስንቱ ተቀባይነት አገኘ? ውድቅ የሆነበት ሰው ምክንያቱ ተነግሮታል ወይስ እንዲሁ ተዘጋበት? አነጋገሩንም ተመልከቱ። መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ኡስታዙ ስንት ኪታብ እንደጨረሱ ከመጠየቃችን በፊት አሊፍ ባ የሚጠፋበትን ልጅ እንዴት እንደሚያርሙት አይተን ነበር የምንቀመጠው።

ቀጥሎ ሥራው በስንት ሰው ትከሻ ላይ እንዳለ ነው። «ጊት ሾርትሎግ» የሚለው ትእዛዝ ማን ስንት ኮሚት እንዳስገባ ይቆጥርላችኋል። (አንድ ጊዜ ዳታ ለመቆጠብ በ«ዴፕዝ 1» አውርደን «ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው» ብለን ፈረድን። ለካ እንዲያ ሲወርድ የሚመጣው የመጨረሻው ኮሚት ብቻ ነው!) በእርግጥ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን አደጋው ሥራው መቆሙ ብቻ አይደለም። ኤክስዜድ የሚባለው ፋይል ማመቂያ በብዙ የሊነክስ ሥርዓቶች ውስጥ አለ፤ ለዓመታት በዋናነት የያዘው ግን አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሰውየው በደከመበት ሰዓት አንድ «ላግዝህ» ባይ መጣ። ሁለት ዓመት ያህል ደህና ሥራ እየሠራ አመኔታ አገኘ፣ እትም የማውጣት ሥልጣንም ተሰጠው፤ ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ባይከታተለው ኖሮ ስንት ሰርቨር ላይ ይደርስ እንደነበር አላህ ያውቃል።

ላይሰንስ የሌለውን አትንኩ። ኮዱ ለሁሉም ስለሚታይ ብቻ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ፈቃድ እስካልተጻፈ ድረስ የሰው ሐቅ ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈ ፕሮጀክት ካገኛችሁ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ አስነሱት። «ኮንትሪቢውቲንግ» የሚል ፋይል ካለው የተባለውን በቅደም ተከተል ተከተሉ፣ ቴስቶቹንም አስኪዱ። መመሪያው አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁ የጎደለውን መስመር ጽፋችሁ ላኩ፤ ትንሽ ማስተካከያ ናት፣ መልሱ በስንት ቀን እንደሚመጣ ለመለካትም ትሆናለች። እኛ አሁን ትልቁን ሥራ የምንጀምረው የዚያች መልስ ከመጣ በኋላ ነው።