አሮጌ የውሃ ሞተር፤ አገዛዙ፣ አያያዙና አጠጋገኑ

ክረምቱ አልፎ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ሽንኩርት ይተከላል። በዝዋይ ሐይቅና በመቂ አካባቢም ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል። ወንዙ ከማሳው ዝቅ ያለ ሲሆን ውሃው በቦይ አይመጣም። በእንስራ ተሸክሜ አጠጣለሁ የሚል ሰውም ጉልበቱ ያልቃል እንጂ ማሳው አይረካም። ስለዚህ በሞተር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ያስፈልጋል። አዲሱ ግን ዋጋው ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሌላ ሰው የሠራበትን አሮጌ ሞተር በርካሽ ይገዛሉ።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የርካሽ ሞተር ዋጋ በተገዛበት ቀን ተከፍሎ አያልቅም። ዛሬ ይነሣል፤ ነገ እምቢ ይላል። ሽንኩርቱ ደግሞ ሞተሩ እስኪጠገን ድረስ አይጠብቅም። በፀሐይ ጊዜ ውሃ ካጣ ይጠወልጋል፤ ራሱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የአሮጌ ሞተር ባለቤት ከሁሉ በፊት ምን ማወቅ አለበት? አብዛኛው ብልሽት ከትንሽ ነገር የሚነሣ መሆኑን ማወቅ አለበት። ትንሹን በጊዜው ያላየ ሰው በኋላ ትልቁን ይከፍላል።

ሞተሩና ፓምፑ እንዴት ይሠራሉ?

የቤንዚን ሞተር አራት ነገር ይፈልጋል፤ ቤንዚን፣ አየር፣ እሳትና ዘይት። ቤንዚኑ ካርቡሬተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ከአየር ጋር ተደባልቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ይጨምቀዋል። በዚህ ጊዜ ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይሰጣል። ድብልቁ ሲቃጠል ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ይህም ግፊት ዘንጉን ያዞራል። ዘይቱ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ ይከላከላል።

ፓምፑ ውሃ ይስባል እንላለን። በእውነቱ ግን ውሃውን እስከ ፓምፑ የሚገፋው አየር ነው። አየር ክብደት አለው። ኢጣሊያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ ይህን ነገር በ1644 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጻፈው ደብዳቤ አስረድቷል። ፓምፑ ሲዞር በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። በውጭ ያለው አየር ወንዙን ተጭኖ ውሃውን ወደ ቱቦው ያስገባዋል። በባሕር ጠረፍ አየር ውሃን ሊያነሣ የሚችለው 10 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፎገራ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። በቱቦው መንገድ የሚባክንም አለ። እንግዲህ ፓምፑ ከውሃው በላይ ከ5 ሜትር፣ ማለትም ከ10 ክንድ ያህል፣ ከፍ ብሎ ባይቀመጥ ይሻላል። ሞተሩም በስስ አየር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ሲገዛ ምን ይታይ?

በሬ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን እናያለን። አስነሥተን እናስሄደዋለን። ጫንቃው ቁስል እንዳለው እንዳብሳለን። ሞተርም እንደዚሁ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀን፣ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ። የማስነሻውን ገመድ በዝግታ ስንስበው እጃችንን መልሶ የሚይዝ ኃይል ሊሰማን ይገባል። ገመዱ ያለ ምንም ትግል ከመጣ የፒስተኑ ቀለበት ወይም ቫልቩ አልቋል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ወጪ ነው።

ቀጥሎ ጭሱን እንይ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ቤንዚኑ እንደበዛ ወይም የአየር ማጣሪያው እንደተደፈነ ይናገራል። ይህኛው በቀላሉ ይስተካከላል። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በመጨረሻም ሞተሩ ከነፓምፑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውሃ እየገፋ ይሥራ። አምስት ደቂቃ ለመሥራትማ የትኛውም አሮጌ ሞተር አያንስም!

እምቢ ሲል ምን ይደረግ?

አንድ ገበሬ ነበር አሉ። ሞተሩ እምቢ ቢለው ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ ፈታታው። ቡሎኑ በሣር ውስጥ ጠፋ። መካኒኩ ከከተማ መጥቶ ሲያይ፣ ለካስ የቤንዚኑ መክፈቻ ተዘግቶ ኖሯል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት በተራ እንመልከት።

1. ቤንዚን አለ ወይ? መክፈቻውስ ተከፍቷል? ቤንዚኑ ከክረምት የቆየ ወይም ውሃ የገባበት ከሆነ ተደፍቶ በአዲስ ይተካ። የሚደፋውም ከወንዙና ከማሳው ራቅ ተደርጎ ነው።

2. ዘይቱ በቂ ነው ወይ? አንዳንዱ ሞተር ዘይት ሲያንሰው ወይም ዘምበል ብሎ ሲቀመጥ ራሱን ያጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጥበቃ ነው።

3. የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው ወይ? ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፍ፣ ከባሰበትም ይለወጥ።

4. ካንዴላው እሳት ይሰጣል ወይ? ካንዴላውን ፈትተን ጥቀርሻውን እንጥረግ። የጫፉ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኝተን፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክተን የማስነሻውን ገመድ ስንስብ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህ ሲደረግ በአጠገቡ የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር፤ በእሳት ይያያዛል።

5. ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ናቸው። በሽቦ አይጎርጎሩ፤ ይሰፋሉ። በንጹሕ ቤንዚን ታጥበው በአየር ይነፉ።

ሞተሩ እየሠራ ውሃ ባይመጣስ? ጥፋቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከቱቦው ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት አለበት። ደረቁን ከዞረ ውሃ የሚያግደው ማኅተም ተቃጥሎ ያፈሳል። በቱቦው ጫፍ ያለው ወንፊት በጭቃ እንዳይደፈንና ከውሃው በላይ እንዳይወጣ ይታይ። በሳቢው ቱቦ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር እንኳ አየር ትስባለች፤ ውሃውም ይቀራል። ቀዳዳዋንና መጋጠሚያውን በአሮጌ ከመነዳሪ አጥብቆ ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም

ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። ያላነበበም ጎረቤት ካለ አንብቡለት።

ውሃው ሲርቅ አንዳንድ ሰዎች ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ያወርዱታል። ሞተሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። ጉድጓድ ውስጥ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። የወረደው ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይወድቃል። ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፤ እሱም ይወድቃል። በአንድ ሞተር ምክንያት ከአንድ ቤት ሁለት አስከሬን ይወጣል። ሞተሩ ቢጠፋም መርዙ ወዲያው አይለቅም። ስለዚህ ሰው ከወደቀ ተከትሎ መውረድ ክልክል ነው። በገመድ ታስሮ ከሆነ ከላይ ሆኖ መሳብ፣ ሰው መጥራት፣ እርዳታ መፈለግ ይገባል።

ወንዙ ከራቀ በገደሉ ዳር፣ ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ላይ፣ ለሞተሩ መደብ ይቆፈርለት። ለጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ በእጅ የሚዞር የገመድ ፓምፕ ይሻላል።

የሞተሩ ደብተር

አሮጌ ሞተርን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ እርሳስና ደብተር ነው። ዘይት በየ50 የሥራ ሰዓቱ ቢለወጥ ለአሮጌ ሞተር ጥሩ ነው። በቀን 5 ሰዓት ከሠራ በ10 ቀን ይሞላል። ይህን በቃል መያዝ ያስቸግራል። ሞተሩ የሦስት ሰው ሲሆን ደግሞ «አንተ ነህ ያለ ዘይት ያሠራኸው» መባባል ይመጣል። ደብተር ግን አይረሳም፤ አያደላም። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

«ኅዳር 12። 4 ሰዓት ሠራ። ዘይት ታየ፤ ደኅና ነው። ለካንዴላ የወጣው ገንዘብ ይህን ያህል።»

በመከር ማግስት ወጪው ይደመር። በሁለት ዓመት ለጥገና የወጣው የሌላ ሞተር ዋጋ ካከለ፣ አሮጌውን መለዋወጫ አድርጎ ሌላ መፈለግ ይሻላል። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና። ክረምት ሲገባም ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያውና ከካርቡሬተሩ አንጠፍጥፎ፣ ሞተሩን ከዝናብና ከአቧራ ሸፍኖ ማስቀመጥ ይገባል። ለመስኖ የሚነሣው ሞተር በክረምት ደኅና ያደረ ነው።

ጥያቄዎች

1. ገመዱ ያለ ትግል ቢሳብ ምን ማለት ነው?
2. ሞተሩ እየሠራ ውሃ ባይመጣ ምን ምን ይታያል?
3. ሰው በጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ለምን ተከትሎ መውረድ አይገባም?
4. በአካባቢያችሁ ሞተር ያላቸውን ሰዎች ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ብልሽት ምንድን ነው? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።